የጎረቤት መድኃኒት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። 36 ዓመቴ ነው፤ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ዮጋ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም፤ ከዩቲዩብ ነው የተማርኩት። ባለፈው ክረምት ደግሞ በኦንላይን የአስተማሪነት ሥልጠና ጨርሻለሁ። የጡንቻዎቹን ስም፣ የትንፋሽ ዓይነቶቹን፣ የፓታንጃሊን ሱትራዎች፣ ያን ጥንታዊ የዮጋ ጽሑፍ ሳይቀር አጥንቻለሁ። ችግሬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቀኝ መቀመጫዬ ሥር ጠልቆ የሚያመኝ ነገር አለ፤ አምስት ወር ሆነው። ብዙ ስቀመጥ ይብስብኛል። በየቀኑ በደንብ እስበዋለሁ፤ አልሻል አለኝ። ሁለተኛ፣ እናቴ ደም ብዛት አለባት። ይጠቅማታል ብዬ እግሯን ግድግዳ ላይ አሰቅያት ነበር። ስትነሳ አዙሯት ልትወድቅ ስትል ያዝናት። እህቴ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። ሦስተኛ፣ የ7 ዓመት ልጄ የቤት ሥራ አልሠራም ሲል እጮህበታለሁ። ስለ ትንፋሽ ይህን ሁሉ እያወቅኩ! ያወቅኩትን በጥበብ የምጠቀምበት እንዴት ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ «አንቺ» እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። በሙያዬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ ዮጋ አስተምራለሁ። ስለዚህ እንዳንቺ ያለውን ሰው ሁለት ጊዜ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ምንጣፍ ላይ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ የሕክምና አልጋ ላይ።

ሦስት ችግር ብለሽ ቆጥረሻል። እኔ ሳነበው አንድ ነው የሆነብኝ።

እንዲህ ልበልሽ። ሰውየው ወገቤን አመመኝ ይላል። ጎረቤቱ ከመሳቢያ የተረፈ ክኒን አውጥታ ትሰጠዋለች። «እኔን ያሻለኝ ይሄ ነው፤ ዋጠው!» ሴትየዋ አልዋሸችም፤ እውነትም አሽሏታል። ክኒኑም ደህና ክኒን ነው። ግን ሐኪሙ ያዘዘው እሷን አይቶ፣ ጨጓራ አለብሽ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ አጣርቶ ነው። የጎረቤቷን ጨጓራ የጠየቀ የለም።

የዮጋ መመሪያም እንደዚያ ነው። እያንዳንዱ ለሆነ ሰው የተሰጠ መልስ ነበር። «ጉልበትሽን ቀጥ አድርጊ» የተባለችው ምናልባት ጉልበቷን አጥፋ መቆም የለመደች ተማሪ ናት። «ጅራት አጥንትሽን ወደ ታች ሳቢ» የተባለችው ደግሞ ወገቧን ከልክ በላይ የምታሰረጉድ ትሆናለች። መልሱ በቪዲዮ ተቀርጾ አዲስ አበባ ሲገባ ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል። አንቺ ጋ የደረሰው መልሱ ብቻ ነው። ለዚያውም በሺህ የሚቆጠር መልስ።

የዘመናዊው ዮጋ ታሪክ ራሱ ይሄንኑ ነው የሚነግረን። ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው እየዘለሉ የሚሠሩትን፣ ላብ በላብ የሚያደርጉትን ቅንብሮች ታውቂያቸዋለሽ። የብዙዎቹ መነሻ ደቡብ ሕንድ ነው፤ ማይሶር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻርያ የሚባሉ መምህር እዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው በአብዛኛው ልጆችና ጎረምሶች ናቸው፤ ቢዘሉ የማይደክማቸው። ለእነሱ የሚሆን ነገር ሰጧቸው። ከእሳቸው ተማሪዎች መካከል ፓታቢ ጆይስ እና አየንጋር በኋላ በዓለም የታወቁ መምህራን ሆኑ። እኚሁ ሰው በ1950ዎቹ ወደ ማድራስ፣ ወደ ዛሬዋ ቼናይ ሄዱ። እዚያ ታማሚውም በዕድሜ የገፋውም ይመጣ ጀመር። ያን ጊዜ አንድ ለአንድ ነው የሚያስተምሩት። ለአንዱ ትንፋሽ ብቻ፣ ለአንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ለአንዱ ሌላ። እ.ኤ.አ. በ1989 በ100 ዓመታቸው ሲያርፉ ሁለት ዓይነት ትምህርት ትተው ነው የሄዱት። መምህሩ ያው አንድ ሰው ናቸው። የተለየው ፊታቸው የተቀመጠው ተማሪ ነው።

አየንጋርም ቢሆኑ ልጅ ሳሉ በሽተኛ ነበሩ። ወባው፣ ታይፎይዱ፣ ሳንባ ነቀርሳው ተፈራርቆባቸዋል። ብሎኩን፣ ቀበቶውን፣ ወንበሩን ዮጋ ክፍል ውስጥ ያስለመዱት እሳቸው መሆናቸው አይገርመኝም። እጅሽ ወለሉ ጋ ካልደረሰ ወለሉን ወደ እጅሽ አምጪው ነው ነገሩ።

እንግዲህ አስቢው። 36 ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ ባንክ ወንበር ላይ ትውላለች። ማታ ልጅ ታስጠናለች። ጠዋት ተነስታ የማይሶር ጎረምሳ መድኃኒት ትውጣለች።

ሱትራዎቹን አጥንቻለሁ ካልሽ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሰባተኛ ሱትራ ታስታውሻለሽ። ፓታንጃሊ እዚያ ላይ ትክክለኛ እውቀት በሦስት በር ይገባል ይላል። አንደኛው ፕራትያክሻ ነው፤ በራስ ማየት፣ በራስ መዳሰስ። ሁለተኛው አኑማና፤ ጭስ አይቶ እሳት አለ እንደማለት። ሦስተኛው አጋማ፤ ከሚታመን ሰው ወይም ጽሑፍ መቀበል። በሦስት ዓመት የሰበሰብሽውን እስኪ በየበሩ ደልድይው። ቪዲዮው ሦስተኛው በር ነው። ሥልጠናውም ሦስተኛው። የጡንቻ ስሞቹም ሦስተኛው። የመጀመሪያው በር ተዘግቷል። እንዴት አወቅክ አትበይኝ። አምስት ወር ሙሉ «እስበዋለሁ፤ አልሻል አለኝ» ብለሻል። ራስሽን አይተሽ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ትተሽው ነበር።

እዚህ ላይ «ሰውነትሽን አዳምጪ» ብዬ ብሰናበትሽ ደስ ባለኝ። ይሄ አባባል በየዮጋ ክፍሉ ከመባሉ ብዛት ትርጉሙ አልቋል። ደግሞ እውነቱን እንነጋገርና፣ ሰውነት ወዲያው ሲጠይቁት ይዋሻል። ሲሞቅ ይዋሻል፣ ሰው ሲያየው ይዋሻል፣ ሙዚቃ ሲከፈትለት ይዋሻል። ትክክለኛውን የሚናገረው በማግስቱ ጠዋት ነው።

ይሄን የተማርኩት በጉልበቴ ነው። ከዓመታት በፊት ውጭ አገር አንድ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ሎተስ ተቀመጡ ተባልን፤ ሁለቱም እግር ጭን ላይ የሚወጣበትን። የእኔ ዳሌ ለዚያ አይመችም። ጉልበት በዋናነት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ መታጠፍና መዘርጋት ነው ሥራው። መዞር ያለበት ዳሌ ነው። የጭን አጥንት ዳሌ ውስጥ የሚገባበት አቅጣጫ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አጥንት በመሳብ አይለወጥም። ዳሌ አልዞርም ካለ ሂሳቡን ጉልበት ይከፍላል። ይሄን ሁሉ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አስተማሪው መጥቶ ግራ ጉልበቴን ወደ ታች ገፋ አደረገው። ዝም አልኩ። ሞቆኝ ስለነበር አላመመኝም፤ እንደውም ደስ አለኝ፣ «ገባልኝ» ብዬ። ማታ ከመኝታ ክፍሌ ደረጃ ስወርድ ቀጭ አለ። ሦስት ወር ያህል ቁጢጥ ማለት አቃተኝ። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ስለነበር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አስተማሪውን ብዙ አማሁት። ግን እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን እውቀቴን ደብተሬ ውስጥ ትቼ ነው ክፍል የገባሁት።

አሁን ወደ አንቺ። ሳላይሽ «ይሄ ነው» ብዬ አልፈርድም፤ መታየት አለብሽ። የገለጽሽው ግን ደጋግሜ የማየውን ነገር ይመስላል። የጭንሽ የኋላ ጡንቻዎች ከመቀመጫ አጥንትሽ ላይ በጅማት ተያይዘው ይነሳሉ። የተቆጣው ያ ጅማት ሳይሆን አይቀርም። ደረቅ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ይብሳል። ጉልበት ቀጥ አድርገው ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ይብሳል። አንዳንዴ ሲራመዱ ይረሳል፣ ዳገት ሲወጡ ይመጣል። ዮጋ በሚሠሩ ሰዎች ላይ በጣም የተለመደ ነው።

ለምን በመሳብ አልሻልም አለ? የሚያመው ቦታ የተኮማተረ ይመስላል፤ እጅ ወዲያው ሳቢው ሳቢው ይላል። ችግሩ ጉልበትሽን ቀጥ አድርገሽ ስታጎነብሺ ጅማቱ ይወጠራል፣ በዚያው ላይ አጥንቱ ላይ ተጭኖ ይጨመቃል። የተቆጣ ጅማት የሚጠላው ይሄንን ነው። በዚያች ደቂቃ ደስ ይላል፤ ውጥረት ያደነዝዛል። በማግስቱ ያው ነው ወይም ይብሳል። አንቺ ደግሞ በማግስቱ ባሰብኝ ብለሽ የበለጠ ትስቢያለሽ። አምስት ወር እንዲህ ነው የሚያልቀው።

ጅማት በልክ ሲሸከም ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ለስድስት ሳምንት ጉልበት ቀጥ ብሎ ወደ ፊት የሚታጠፍበትን ሁሉ ተይው። ቆሞ ማጎንበሱን፣ ተቀምጦ እግር መያዙን፣ ስፕሊቱን፣ እግር ዘርግቶ ወለል ላይ መውረዱን። ቁልቁል ውሻ የምትሉትን፣ እጅና እግር መሬት ላይ ሆኖ ዳሌ ወደ ላይ የሚነሳበትን፣ ከሠራሽው ጉልበትሽን በደንብ አጥፈሽ ይሁን፤ ተረከዝ መሬት ነካ አልነካ ማንም አይቆጥርልሽም። በምትኩ በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ እግርሽን ወለል ላይ አድርጊ፣ ዳሌሽን አንሺ። 30 ሴኮንድ ያህል ያዥው። ደቂቃ ዕረፊ። አራት ወይም አምስት ጊዜ ድገሚው። እየቀለለሽ ሲሄድ እግርሽን ከዳሌሽ ትንሽ ትንሽ አርቂው። ከሳምንታት በኋላ በአንድ እግር ትሞክሪዋለሽ።

ቢሮ ስትቀመጪ ነገሩ ሌላ ነው። አሮጌ ጋቢ አጥፊና ከጭንሽ ሥር አድርጊው፤ ክብደትሽ ከመቀመጫ አጥንትሽ ላይ ተነስቶ ወደ ጭንሽ ይሂድ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ። የደንበኛ ሰልፍ ቢኖርም ቆሞ መፈረም ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ግን የጠዋቱን ፈተና ነው የምፈልገው። ሁልጊዜ ያው አንድ ነገር ይሁን። ለምሳሌ ካልሲሽን ስታደርጊ የሚሰማሽን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጪውና ጻፊው። ስትሠሪ እስከ ሦስት ቢደርስ ግድ የለም። በማግስቱ ጠዋት ቁጥሩ ወደ ነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነበር ማለት ነው። ከጨመረ ትናንት በዝቷል፤ ዛሬ ቀንሺ። ይሄው ነው ፕራትያክሻ። ዓይን ጨፍኖ ከማሰላሰል ይልቅ ካልሲና እርሳስ ይበቃሉ። ጅማት ቶሎ አይድንም፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠሽ ወደ ዩቲዩብ እንዳትመለሺ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሕመሙ ከጉልበትሽ በታች ወርዶ የሚያደነዝዝ፣ የሚነዝር ወይም እግርሽን የሚያደክም ከሆነ ነገሩ ከወገብ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረሽ ወይም መቀመጫሽ አካባቢ ከደነዘዘ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

«ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ» የሚባል የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፍ አለ፤ በሥልጠናሽ ላይ ስሙ ሳይነሳ አይቀርም። ዮጋን የሚያበላሹ ስድስት ነገሮች ይዘረዝራል። ብዙ መብላት አንዱ ነው፤ ከልክ በላይ መልፋትና ወሬ ማብዛትም ይገኙበታል። ከእነሱ ጋር እኩል ተሰልፎ ደግሞ ደንብ ላይ ሙጭጭ ማለት አለ። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። እኛ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የምንለውን እነሱ በሰንስክሪት ጽፈውታል። እኔ ከላይ የሰጠሁሽንም ጨምሪበት። 30 ሴኮንድ ያልኩሽ ካልሲው አይሆንም ካለ ካልሲውን እመኚ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ፤ ይቅርታ።

እግር ግድግዳ ላይ መስቀል ለብዙ ሰው የዋህ ነገር ነው። አንቺም ክፋት አላሰብሽም። ግን ምን ምን ጠየቅሻት? ምን መድኃኒት እንደምትወስድ? በስንት ሰዓት እንደዋጠችው? ግፊቷ መቼ እንደተለካ፣ ስንት እንደነበር? በልታ ነበር ወይስ ጾም ላይ ነበረች? እናቶቻችን ጠዋት ክኒናቸውን በጉንጭ ውኃ ይውጡና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። በዚያ ላይ ተኝቶ እግር ሰቅሎ፣ ከዚያ ብድግ። የቆመ ሰው ደም ወደ እግሩ ይወርዳል። ሰውነት ወዲያው የደም ሥሮቹን አጥብቆ ይመልሰዋል። አንዳንዱ የደም ብዛት መድኃኒት ግን ይሄን ምላሽ ያዘገየዋል። ውኃ ያልጠጣ ሰው ደግሞ መጀመሪያም የሚመልሰው ብዙ የለውም። ያዞራት ይሄ ይመስለኛል። ደጋግሞ ካዞራት ግን የእኔን ግምት ተይው፤ መድኃኒቱን ላዘዘላት ሐኪም ንገሩት። ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ቢሰበር ኖሮ ዛሬ ስለ ዮጋ አናወራም ነበር።

ጭንቅላት ከልብ በታች የሚሆንባቸውን አቋሞች ግፊቱ ላልተስተካከለ ሰው አታሠሪ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ላለበትም እንደዚያው፤ ጭንቅላት ሲዘቀዘቅ የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ዕድሜዋ የገፋ ሰው ግላኮማ ኖሮባት ሳታውቀው ልትቆይ ትችላለች።

ለእናትሽ ምን ይሁናት? ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳትቸኩል መነሳትና መቀመጥ፤ አምስት ስድስት ጊዜ፣ አጠገቧ ጠረጴዛ ይኑር። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ከሆነ መንገዱ ራሱ ሥራ ነው። ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ ጎን፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ መቆም። ይሄ ስም የለውም፤ በቪዲዮም አያምርም።

ደግሞ አንድ ቀን ቡና ስታፈላ ቁጭ ብለሽ እይያት። በርጩማ ላይ ናት። እግሯ ተከፍቷል። ወደ ምድጃው ስታጎነብስ ወገቧን አታጎብጥም፤ ከዳሌዋ ነው የምትታጠፈው። ጀርባዋ ቀጥ ብሎ ነው ቡናውን የምታምሰው። አንቺ በሥልጠናው ሙሉ ምዕራፍ ያነበብሽለት ነገር ነው። እሷ ስሙን አታውቀውም። እስኪ እንድታሳይሽ ጠይቂያት። መጀመሪያ ትስቅብሻለች።

እህትሽ ላይ ብዙ አልቆይም። ፓታንጃሊ የሥነ ምግባር ደንቦቹን ሲደረድር አሂምሳን፣ አለመጉዳትን፣ ከሳትያ በፊት፣ ከእውነት በፊት ነው ያስቀመጠው። እህትሽ እናቷ ልትወድቅ ስትል አይታለች። «ግን እኮ በጥናት...» ብለሽ እንዳትጀምሪ። አጥፍቻለሁ በያት፤ አለቀ። ደግሞ ሰው ሳይጠይቅሽ ዮጋ አታስተምሪ። አዲስ ሥልጠና የጨረሰ ሰው ሁሉ ይሄ በሽታ አለበት፤ እኔም የአጎቴን ትከሻ ለቅሶ ቤት ውስጥ ለማስተካከል ሞክሬያለሁ።

ልጅሽ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። እዚህ የያዝሽው እውቀት ትክክል ነውና።

አሁኑኑ ሞክሪው። ሁለት ጣትሽን አንጓሽ ላይ አድርጊና የልብ ምትሽን አግኚ። ቀስ ብለሽ ትንፋሽ አስገቢ፤ ምቱ ትንሽ ይፈጥናል። ቀስ ብለሽ አውጪ፤ ይዘገያል። በአንዳንዱ ሰው ላይ በግልጽ ይሰማል፣ በአንዳንዱ ላይ ደብዘዝ ይላል። ይሄን የሚያደርገው ከአንጎል ወርዶ ልብ ጋ የሚደርስ ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው። ትንፋሽ ስታወጪ ልብሽን ያዝ ያደርገዋል። ስለዚህ ከማስገባቱ ማውጣቱን ረዘም ማድረግ ያረጋጋል፤ ይሄ እውነት ነው።

ታዲያ ልጁ «አልሠራም» ሲል ይሄ ትንፋሽ የት ሄደ? ምንጣፍ ላይ ነዋ። አንቺ ይሄን ትንፋሽ የተለማመድሽው ጠዋት ነው፣ ጸጥታ ውስጥ፣ ማንም ሳይጠራሽ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወጥ እሳት ላይ ተጥዶ፣ ልጅ እያለቀሰ አልተለማመድሽውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? ንዴቱ ጣራ ከነካ በኋላ የሚጀመር ትንፋሽ ያ ነው።

ባንክ ነው የምሠራው ብለሻል። እንግዲያው ጥሩ መለማመጃ አለሽ። «ሲስተም የለም» የሚባልባት ደቂቃ። ሰልፉ ይንጫጫል፣ አንዱ መስታወቱን ይቆረቁራል፣ ሥራ አስኪያጁ አይኑን ያፈጥብሻል። እዚያ ላይ አንድ ረዥም ትንፋሽ አውጪ። አንድ ብቻ። ማንም አያይሽም። ከዚያ «ትንሽ ይታገሱን» በይ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሲስተም ይጠፋል፤ በወር ስንት ልምምድ እንደሆነ ቁጠሪው። ታክሲ ሰልፍም ይሆናል፣ ሊፍት መጠበቅም ይሆናል። ትንሽ ንዴት ላይ የሠራ ትንፋሽ ትልቁ ሲመጣ ሳይጠሩት ብቅ ማለት ይጀምራል። ሁልጊዜ አይደለም። ትጮሂያለሽ አሁንም። የሚለወጠው በጩኸቱ መሃል ድምፅሽን መስማት መጀመርሽ ነው፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሺው ታቆሚያለሽ።

አንድ የረሳሽው ነገር አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። የቤት ሥራው በስንት ሰዓት ነው? ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ ምን በላ? አንቺስ ከምሳ በኋላ ምን ቀመስሽ? ባጋቫድ ጊታ በሚባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ዮጋ ብዙ ለሚበላም ጨርሶ ለማይበላም፣ ብዙ ለሚተኛም ጨርሶ ለማይተኛም አይሆንም የሚል ቦታ አለ። የተራበ የ7 ዓመት ልጅና የተራበች እናት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ መደመርና መቀነስ ሲነጋገሩ፣ ማንም የትንፋሽ ሊቅ አያስታርቃቸውም። አንዳንዴ የትንፋሽ ችግር የሚመስለው የእራት ሰዓት ችግር ነው። እራቱን ወደፊት አምጪው፤ የማይሆን ከሆነ አንድ ዳቦ በሻይ ይቅደም። የቤት ሥራው ከዚያ በኋላ ይከፈት። ይሄ ከዮጋ ሥልጠና የተገኘ እውቀት አይደለም፤ እናትሽን ብትጠይቂያት ወዲያው ትነግርሽ ነበር።

የመጨረሻው ነገር፣ አስተማሪ። ኖሮኝ አያውቅም ብለሻል። በነገራችን ላይ ዮጋ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ስብሰባ የእኛው ገዳ ሥርዓትም አብሮ ተመዝግቧል። የማይዳሰስ ቅርስ የሚባለው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ነው፤ ዮጋም በባህሉ ከመምህር ወደ ተማሪ ነው ሲተላለፍ የኖረው። መምህሩ ምሥጢር ስላለው አይደለም። ዓይን ስላለው ነው። ቪዲዮ ታይዋለሽ እንጂ አያይሽም። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜም ቢሆን የሚያይሽ ሰው ፈልጊ። የዮጋ አስተማሪ ባይሆን ፊዚዮቴራፒስት ይሁን። ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ «የሚያምሽ ነገር አለ?» ብሎ ካልጠየቀሽ ጫማሽን አድርገሽ ውጪ። ጠይቆሽ መልሱን ሳይጠቀምበት ተነስቶ ሊገፋሽ ከመጣም «አይሆንም» በይ። እኔ ዝም ብዬ የከፈልኩትን ነግሬሻለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ጻፊልኝ። የካልሲውን ቁጥሮች በሙሉ እፈልጋለሁ፤ የጨመሩባቸውን ቀናት አትደብቂ። የእናትሽ ግፊት ጠዋት ከክኒኑ በፊትና ከሰዓት በኋላ ስንት እንደሆነ ለክታችሁ አብረሽ ላኪልኝ። ልጁ የቤት ሥራውን በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደበላም።